ዴሬ የወደቀበት ቅዳሜ

ዛሬ ስልካችሁን ከኪሳችሁ አውጥታችሁ የፈለጋችሁትን አገር ጨዋታ በፈለጋችሁት ቋንቋ የምትሰሙ ሰዎች፣ የማወራችሁን ለማመን ትንሽ ትቸገሩ ይሆናል። አልፈርድባችሁም። እኔም አንዳንዴ ሳስበው የሌላ ሰው ታሪክ ይመስለኛል። ግን የራሴ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ፣ በደርግ ጊዜ፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የደረሰብኝ ነው።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። አባቴ ዕድሜውን በባቡር ጥገና የጨረሰ፣ እጁ እንጂ አፉ የማይሠራ ሰው ነው። እኔ የተገላቢጦሽ። እናቴ «አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል» እያለች ስትስቅብኝ ሙገሳ እየመሰለኝ አደግኩ። እንጀራ የሰጠኝም ያው አፌ ነው፤ የሕዝብ ማስታወቂያ በሚነገርበት አንድ የመንግሥት ቢሮ በጊዜያዊነት ተቀጠርኩ። በአራት ቦታ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ከዚራ፣ ሳቢያንና መጋላ፣ በረጅም ምሰሶ ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ነበር። በአዘቦቱ ቀን የቀበሌ ስብሰባ፣ የክትባት ቀጠሮ፣ የጽዳት ዘመቻ እለፍፍበታለሁ። ቅዳሜ ግን ኳስ አለ፤ ቅዳሜ የኔ ቀን ነበረች።

ከስታዲየሙ እስከ ምሰሶዎቹ ሽቦ ተዘርግቶ፣ እኔ ሜዳው ዳር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ የማየውን እናገራለሁ። አሁን ኮሜንታተር የምትሉት መሆኑ ነው። በአማርኛ እጀምራለሁ፣ ኳሷ መሐል ሜዳ ስትደርስ ሶማሊኛ ይገባበታል፣ ጎል ሲደርስ ኦሮምኛ ነው፤ ጎል ከገባ ደግሞ ያለኝን ሁሉ አወጣለሁ። ድሬ እንደዚያ ነው የሚያወራው፣ እኔም እንደዚያ ነው ያደግኩት። ተጫዋቾቹንም በቅጽል ስማቸው ነው የምጠራቸው፤ «ሻንጣ»፣ «ፈረንጁ»፣ «ዴሬ»። እናታቸው ካወጣችላቸው ስም ጋር የሚተዋወቀው የትምህርት ቤት መዝገብ ብቻ ነው።

ዴሬ የከተማችን በረኛ ነበር። ዴሬ ማለት በሶማሊኛ ረጅሙ ማለት ነው፤ ሲቆም ጭንቅላቱ አግዳሚውን የሚነካ ይመስላል። እናቱ ሳህራ፣ እኛ በአክብሮት አዴ የምንላት፣ መጋላ ውስጥ፣ ልክ ድምፅ ማጉያው ከተሰቀለበት ምሰሶ ሥር የግመል ወተት ትሸጣለች። ባሏ በሶማሊያ ጦርነት ዓመት ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም፤ ያላት ይሄ አንድ ልጅ ነው። ስታዲየም እግሯ ረግጦ አያውቅም። «ማየት አልችልም፣ ልቤ ትወጣለች» ትላለች። አማርኛዋ ወተት ከመሸጥ ብዙም አያልፍምና፣ ዴሬ ኳስ በያዘ ቁጥር በሶማሊኛ «ሆዮ ሳህራ፣ ልጅሽ ያዘ!» እላለሁ። ሆዮ እናት ማለት ነው። መጋላ በሳቅና በጭብጨባ ትናወጣለች ይሉኛል፤ እሷ ግን ወተቷን እየቀዳች «ሰማሁ» ብቻ ነው መልሷ።

እንዲህ ሆነን ስንኖር መመሪያ መጣ።

ይዞት የመጣው ጓድ ሽመልስ የሚባል ሰው ነው። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ቀጭን፣ ትሑት፣ በድሬ ሙቀት ካኪ ኮቱን አላወልቅ ብሎ ላቡ የሚንቆረቆር፣ ከመምህርነት ወደ ሳንሱር የተዛወረ ሰው ነው። ዓርብ ጠዋት ቢሮ አስቀምጦኝ አንድ ወፍራም አቃፊ ከፈተ። የአገር ውስጥ ስፖርት ሥርጭት ከእንግዲህ ብሔራዊ ይዘት ሊኖረው ይገባል አለኝ። በአማርኛ ብቻ ይነገራል፤ ኮርነር የማዕዘን ምት ይባላል፤ ቅጽል ስም ክልክል ነው፣ ተጫዋች በተመዘገበበት ሙሉ ስሙ ይጠራል፤ በየአሥር ደቂቃው ስለ ምርት ዘመቻ አንድ አንቀጽ ይነበባል። ከሁሉም የገረመኝ ግን አቃፊው ነው። የጨዋታው ዓረፍተ ነገሮች በሙሉ በታይፕ ተጽፈው፣ በየገጹ ግርጌ ክብ ማኅተም አርፎባቸዋል።

«ጓድ፣ ጨዋታው እኮ ነገ ነው» አልኩት። «ነገ የሚሆነውን ዛሬ እንዴት ጻፋችሁት?»

«የሚሆነውን አልጻፍንም። ሊባል የሚችለውን ነው የጻፍነው። አንተ ስም ብቻ ትሞላበታለህ።»

«የተጻፈ የሌለው ነገር ቢፈጠርስ? ሰው ቢጎዳ፣ ቢደባደቡ?»

ገጽ ዘጠኝን ገልጦ በጣቱ አሳየኝ። ለሕዝብ መነገር የማይገባው ሁኔታ በሜዳ ላይ ሲፈጠር ሥርጭቱ ይቋረጥና አገራዊ ሙዚቃ ይሰማል ይላል። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ጋሽ ተኮላ፣ የድሮ የቴሌግራፍ ሰው፣ አጠገባችን ሽቦ እየጠቀለሉ ነበር። «አገራዊ ሙዚቃ እኔ ጋ አለ» አሉ፤ ነገሩ በዚያው አለፈ።

ስንለያይ ጓድ ሽመልስ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። «ድምፅህ ጥሩ ነው። ነገን በሥርዓት ከተወጣህ፣ አዲስ አበባ ሬዲዮ ውስጥ አንድ ቦታ አለ። ስምህን ይዤ ነው የምሄደው።»

ወገኖቼ፣ እኔ ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት በእግሬ አይደለም። ድምፄን መላ አገሪቱ ስትሰማው በየመንገዱ እየታየኝ ነው። ለአባቴ ስነግረው የሬዲዮውን አቧራ በእጅጌው ጠረገ። ለሱ ትልቅ ንግግር ነው። ማታ ልተኛ ስል ግን ጠራኝ። «ልጄ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ነገ የሰጡህን ብቻ አንብብና ና።» እሺ አልኩት፤ ከልቤ ነበር።

ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጨዋታው ተጀመረ። እንግዳው ቡድን ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። ስታዲየሙ ጢም ብሏል፣ ሰዉ ጋዜጣ አናቱ ላይ ደፍቷል፤ ፀሐይዋን አትጠይቁኝ። ጓድ ሽመልስ ከቀኜ አቃፊውን ይዞ፣ ጋሽ ተኮላ ከግራዬ ማሽናቸውንና የሜዳ ስልካቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ስልኩ የሚያገናኘው መጋላ ምሰሶውን ከሚጠብቀው ኢብራሂም ጋር ነው፤ ድምፁ ሲቆራረጥ እየደወለ ይናገራል።

እኔም ማንበብ ጀመርኩ። «ጓድ ተጫዋች ደረጀ አበበ ኳሷን ለጓድ ተጫዋች ዓሊ መሐመድ አቀበለ። ጓድ ዓሊ መሐመድ ኳሷን በሚገባ ተቆጣጠረ።» የራሴ ድምፅ ከሩቅ ምሰሶ ተመልሶ ሲሰማኝ የሞት ፍርድ የማነብ መሰለኝ። አሥረኛው ደቂቃ ሲደርስ ጓድ ሽመልስ በክርኑ ነካኝና የጥጥ ምርት አንቀጽ ጀመርኩ። «የልማት አርበኞቻችን ትርፍ ሰዓታቸውን በመሠዋት» እያልኩ ሳለ ስታዲየሙ «ውይ!» አለ። ቀና ብል ጎል ገብቶብናል። ድሬዳዋ በሙሉ ጎሉን የሰማችው ከጥጡ በኋላ ነው።

በእረፍት ሰዓት ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ተኮላ ሰጡኝ። ኢብራሂም ነው፣ ተናዷል።

«ወረያ፣ ምንድነው የምታነበው? አቦ፣ ሰዉ ግራ ገባው! ማነው እሱ ሙክታር ዑመር የምትለው?»

«ዴሬ ነዋ።»

«ዴሬን ዴሬ አትለውም? ሳህራ አንድ ነገር አልገባትም። ‹የኔ ልጅ ዛሬ የለም እንዴ› እያለች ሦስቴ ጠየቀችኝ። እኔ አለ ብያታለሁ፣ አንተ አንዴ ጥራው።»

ወደ ጓድ ሽመልስ ዞርኩ፤ ሰምቷል። ራሱን ብቻ ነቀነቀ። «ከእረፍት በኋላ እንዳትሳሳት። እስካሁን ጥሩ ነህ» አለኝ። ይህን ሲለኝ ደስ ያለኝን አልደብቃችሁም፤ ያፈርኩበት ቆይቶ ነው።

ሁለተኛው አጋማሽ ጋለ። የኛ ልጆች አጠቁ፣ እነሱ በመልሶ ማጥቃት ይመጣሉ። ሰባኛው ደቂቃ ገደማ ረጅም ኳስ ከኋላችን ወደቀች። የእነሱ አጥቂ ብቻውን ነው። ዴሬ ያን ቁመቱን ይዞ ከጎሉ ሲወጣ አቃፊው፣ ማኅተሙ፣ አዲስ አበባ፣ ሁሉም ከራሴ ላይ በነነ። «ዴሬ ወጣ! ዴሬ! ዴሬ!» ብዬ ጮህኩ። በግንባሩ ኳሷ ላይ ወደቀ፤ የአጥቂው ጉልበት ጭንቅላቱ ላይ ሲያርፍ ድምፁ እኔ ጋ ተሰማ። ተዘረረ። ስታዲየሙ በአንድ አፍ «ወይኔ!» አለ፤ ማይኩም ይህን ሁሉ ለከተማዋ አስተላለፈ።

«ገጽ ዘጠኝ» አለ ጓድ ሽመልስ። ማብሪያውን ራሱ አጠፋው። ጋሽ ተኮላ ካሴታቸውን አስነሱ።

ካሴቱ ዋሽንት ነበር።

ያን ዘመን የኖራችሁ አሁን ገብቷችኋል። ላልኖራችሁ ልንገራችሁ። በዚያ ጊዜ ሬዲዮ በድንገት ንግግሩን አቋርጦ ያዘነ ዋሽንት ከነፋ፣ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ «ማን ሞተ?» ነው የሚለው። የአገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጋሽ ተኮላ ያውቁታል፣ ጓድ ሽመልስ ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ። ግን ሦስታችንም ዐይናችን ሜዳው ላይ ስለነበር አንዳችንም አላሰብነውም። መጋላ የሰማችው «ዴሬ! ዴሬ!» የሚል ጩኸት፣ የሕዝብ ዋይታ፣ ዝምታ፣ ከዚያ ዋሽንት ነው።

ወጌሻው ባልዲውን ይዞ ሮጠ። ዴሬ አይንቀሳቀስም። አንድ ደቂቃ ሄደ። ውሃ ደፉበት። ሁለት ደቂቃ። እኔ ጥፍሬን እበላለሁ፣ ጋሽ ተኮላ ያማትባሉ፣ ጓድ ሽመልስ አቃፊውን ደረቱ ላይ አቅፎ ቆሟል። ከዚያ አንድ እግሩ ታጠፈ። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ወጌሻው ሦስት ጣት ሲያሳየው ጭንቅላቱን እያሻሸ አንድ ነገር መለሰለት፣ ወጌሻውም ሳቀ። ተነሳ። ስታዲየሙ በጭብጨባ ፈረሰ።

ይህን ጊዜ ነው ስልኩ የጮኸው። ኢብራሂም ጩኸቱ ከስልኩ አልፎ ለሁላችንም ይሰማል።

«ጋሽ ተኮላ፣ ሞተ እንዴ ልጁ? ለምንድነው ዋሽንት የምትነፉት? እዚህ ልቅሶ ገብቷል! ሳህራ ወተቱን ደፍታው መሬት ላይ ናት፣ ወላሂ ነፍሷን አታውቅም! ሴቶቹ ውሃ ያፈሱባታል፣ አትነቃም። ሞቷል ወይስ አልሞተም?»

«አልሞተም! ተነስቷል በላት!» አልኩ ስልኩን ነጥቄ።

«እኔን ማን ይሰማኛል? ሰዉ ድምፅ ማጉያውን ነው የሚያምነው! አንተ ተናገር!»

እውነቱን ነው። በዚያ ጊዜ ድምፅ ማጉያ ያላለውን ነገር ሰው ቢምል ቢገዘት አይታመንም። ወደ ጓድ ሽመልስ ዞርኩ።

«ጓድ፣ አንድ ጊዜ ክፈትልኝ። ልጁ ተነስቷል ልበል፤ ከዚያ ወዲያ አቃፊህን እስከ መጨረሻው አነብልሃለሁ።»

«ተነሳ የሚል ዓረፍተ ነገር የለም።»

«እናቱ እየሞተች ነው!»

«ሰማሁ፣ ሰምቻለሁ» አለ። «ግን እሱን ተነሳ ለማለት መጀመሪያ ወደቀ ማለት አለብህ። መውደቁን ደግሞ አልተናገርንም።» ገጾቹን በላብ በራሰ ጣቱ እያገላበጠ ፈለገ። «ይሄን አንብብ። ይሄ ይበቃል።»

ዋሽንቱ ቆመ። ማብሪያው ተከፈተ። አነበብኩ። «በረኛው ጓድ ሙክታር ዑመር ኳሷን በአስተማማኝ ሁኔታ ያዘ።» ጓድ ሽመልስ እፎይ አለ። እኔም ለአፍታ እፎይ አልኩ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ኢብራሂም እያለቀሰ ነው።

«ምን አደረጋችሁ? አሁን ይባስ! ‹ሌላ በረኛ አስገቡ፣ ሙክታር የሚባል፣ ስለዚህ ዴሬ ሞቷል› አሉ! ሳህራ ነቅታ ነበር፣ ይህን ሲነግሯት መልሳ ነፍሷን ሳተች። ሐኪም ቤት ልንወስዳት ጋሪ እየፈለግን ነው። አቦ፣ ለአላህ ስትል!»

ስልኩን አስቀመጥኩ። ዴሬ ከፊቴ ሃምሳ እርምጃ ርቀት ላይ ካልሲውን እየሳበ ቆሟል። ምንም አልሆነም። እናቱ ግን ከደቻቱ ወንዝ ማዶ በሌለ ሞት ልትሞት ነው። የሚያድናት የሦስት ቃል ነገር ነው፤ ሦስቱም ቃላት እኔ ጋ አሉ። አባቴ ታየኝ፣ አቧራ የጠረገበት እጅጌው ታየኝ። ከምላችሁ በላይ ፈርቼ ነበር። በዚያ ዘመን በመንግሥት ማይክ ላይ በሶማሊኛ ያልተፈቀደ ነገር መናገር ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ አባቷን ከዚህ ላነሰ ነገር የወሰዱባት ልጅ ጎረቤታችን ነበረች።

ማይኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ሆዮ ሳህራ! ሃ በቂን! ዴሬ ዋ ኖል ያሃይ! ዉ ከዓይ! እኔ ነኝ፣ በዓይኔ እያየሁት ነው! አትፍሪ፣ ዴሬ በሕይወት አለ፣ ተነስቷል! ዴሬን ከኤራ! ሙክታር ማለት ዴሬ ነው፤ ሌላ በረኛ አልገባም! ወድቆ ነበር፣ ተነስቷል! ይኸው፣ አሁን ኳሷን በእግሩ ረግጦ ቆሟል፣ ፀጉሩን እያራገፈ ነው፣ ሆዮ፣ ልጅሽ ደህና ነው!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሁሉንም በሦስቱም ቋንቋ፣ ወለል አድርጌ ተናገርኩ።

የጓድ ሽመልስ እጅ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማብሪያው ላይ ነበር። አንድ ጣት ነው የሚያስፈልገው። እስክጨርስ ድረስ አልተጫነውም። ለምን እንዳልተጫነው እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ጠይቄው አላውቅም። ስጨርስ ግን አጠፋው።

«ጨረስክ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ጨረስኩ።»

«ስጠኝ።»

ማይኩን ተቀብሎኝ ራሱ ማንበብ ጀመረ። በሕይወቱ ኳስ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። የመጨረሻውን ሃያ ደቂቃ ያቺ ከተማ እንዴት እንደሰማችው አይነገርም። ሰማንያ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሻንጣ አቻ ሲያደርገን፣ ምስኪን ሰውዬ ጎል የሚለውን ገጽ ፍለጋ አቃፊውን መሬት ላይ በተነው። እኔ ግን ጎሉን አላየሁትም፣ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነበር። ኢብራሂም መናገር ትቶ ስልኩን ወደ ሰዉ ዘርግቶልኛል። እልልታ ነበር የሚሰማው።

ሰኞ ጠሩኝ። ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ጥያቄያቸው አንድ ነው። «በሶማሊኛ ያስተላለፍከው መልእክት ለማን ነበር?» ወተት ለምትሸጥ ሴት አልኳቸው። ሲጽፉት አየሁ። አራት ቀን አቆይተው ለቀቁኝ። ጓድ ሽመልስ በሪፖርቱ «ወጣቱ ስሜታዊ ነው» ብሎ እንደጻፈ ከወራት በኋላ ሰማሁ። ከዚያ የከፋ ቃል መጻፍ ይችል ነበር፤ አልጻፈም። የአዲስ አበባው ነገር ግን በዚያው ቀረ። ማይክ ዳግመኛ እንዳልነካ ተወስኖ ወደ ቢዮ አዋሌ ገጠር፣ የመሠረተ ትምህርት ደብተር አዳይ ተደርጌ ተላክሁ። ለዚያ አፌ ከዚህ የባሰ ቅጣት አልነበረም።

አባቴ ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም። ልሄድ ሻንጣዬን ስቆልፍ መጥቶ በር ላይ ቆመ። «ጣቢያው ፊት ለፊት ቆሜ ሰምቼሃለሁ» አለኝ። «ዝንቡ ይግባ።»

አዴ ሳህራም ከመሄዴ በፊት ወተት ይዛ ቤታችን መጥታ ነበር። እናቴ አስቀመጠቻት፤ ሁለቱ በደንብ የሚግባቡበት ቋንቋ የለም፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ብዙ ተቀመጡ። ስትወጣ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ በዚያች በአማርኛዋ «እኔ ከዛሬ ሁለት ልጅ አለ» አለችኝ። እዚያው አለቀስኩ።

ይህ ነገር ምን አደረገብህ ብትሉኝ፣ ከዚያ በፊት እኔ የምናገረው ለድምፄ ነበር። ራሴን ስሰማ ደስ ይለኛል። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ግን አፌን ከመክፈቴ በፊት ምሰሶው ሥር ማን እንዳለ አስባለሁ። በቅርቡ የስፖርት ሥርጭት ሕግ ሊወጣ ነው ብለው የድሮ ሰዎችን ስብሰባ ጠርተውን ነበር። ከመቶ ስንት እጅ የአገር ውስጥ ጨዋታ፣ ስንት እጅ የውጭ ይሁን እያሉ ወጣቶቹ ተከራከሩ። ሬዲዮኖቻችን ቀኑን ሙሉ ስለ ሎንደን ተጫዋች ጉልበት እያወሩ የኛ ሰፈር በረኛ ስም እንደጠፋባቸው አውቃለሁና ሕጉን አልጠላሁትም። እኔን ሲጠይቁኝ ግን «የፈለጋችሁትን ያህል እጅ አድርጉት፤ ብቻ የወደቀ ልጅ ካለ ተናጋሪው ለእናቱ በሚገባት ቋንቋ ይናገር፣ ፈቃድ አያስፈልገው» አልኩ። በትሕትና አጨበጨቡልኝ። ማስታወሻ የያዘ አላየሁም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እሱን ሳልነግራችሁ ብሄድ ታሪኩ አላለቀም።

ከቢዮ አዋሌ በሁለት ዓመቴ ተመልሼ መዝገብ ቤት ተመደብኩ። በዚያው ዓመት ዴሬን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት ወደ ሰሜን ዘለቀ። ደብዳቤ አንድ መጣ፣ ከዚያ ቆመ። ይህን ጊዜ አዴ ሳህራ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሮዬ መምጣት ጀመረች። በሩ ላይ ትቆምና «ሰማህ?» ትለኛለች። ሌላ ቃል የላትም። ልጇ ወድቆ እንደሆነ፣ ተነስቶ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በዚህ ዓለም ላይ እኔ ነኝ ብላ አምናለች። አንድ ጊዜ ነግሬያታለሁና። ምን ልበላት? ያልጠየቅኩት ቢሮ፣ ያልጻፍኩበት አድራሻ የለም። «ገና ነው ሆዮ» እላታለሁ። ራሷን ነቅንቃ ትሄዳለች። አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። ቅዳሜን የሚያህል የምወደው ቀን ያልነበረኝ ሰው፣ ቅዳሜን መፍራት ጀመርኩ።

መንግሥት ሲለወጥ የተበተነው ወታደር በባቡር አንድ ሁለት እያለ ይገባ ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአክስቴን ልጅ ልቀበል ባቡር ጣቢያ ቆሜ ሳለ፣ ከሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ አንድ ሰው በሩ አልበቃው ብሎ አጎንብሶ ወረደ። ጢሙ ደረቱ ደርሷል፣ ምርኩዝ ይዟል፣ ኮቱ ላዩ ላይ ይወዛወዛል። ቁመቱ ነው እንጂ ሌላው ሰውነቱ አልቋል።

አቅፌው አለቀስኩ እንዳልላችሁ። «እዚሁ ቆይ! እንዳትንቀሳቀስ!» ብዬ ሮጥኩ። ድንገት እናቱ ደጅ ቢቆም ልቧ ቀጥ ትላለች ብዬ ፈርቼ ነው፤ አስቀድሞ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል፣ ያ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ። የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ጫማዬ እየሰመጠ አቋረጥኩት፤ የመጋላን ጠባብ መንገዶች ሰው እየገፋሁ፣ ጀበና ሻጭ እየዘለልኩ ደረስኩ። ቦታዋ ላይ አለች። ለአንዲት ሴት ወተት እየቀዳች ነው።

ፊቷ ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ። ወገኖቼ፣ በሦስት ቋንቋ ከተማ ሲያናውጥ የኖረ አፌ አንዲት ቃል አላወጣም። ትንፋሼ ብቻ ይወጣል ይገባል።

አዴ ሳህራ ቀና ብላ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ያችን ጥያቄዋን ያን ቀን አልጠየቀችም። መቅጃውን አስቀመጠች፣ ሻሿን አጠበቀች፣ ተነሳች፤ እኔን እዚያው ትታ ወደ ባቡር ጣቢያው መንገድ ጀመረች።